ጠዋት የሚያነክስ፣ ረፋድ ላይ የሚሮጥ ውሻ

ያረጀ ውሻ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል። ማለዳ ውሻው ከተኛበት ሊነሣ ሲል የፊት እግሮቹን ይተክልና የኋላ አካሉን ለማንሣት ይታገላል። ከተነሣም በኋላ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ግትር ብሎ እያነከሰ ይራመዳል። ረፋድ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ደግሞ ማነከሱ ጠፍቶ እየጮኸ ይሮጣል። ከቤተሰቡ አንዱ «ሌሊት ብርድ መትቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሲፈልግ ነው የሚያነክሰው» ብሎ ይስቃል።

የእንስሳት ሐኪም ይህን ሲሰማ ግን ሐሳቡ ወዲያው ወደ መገጣጠሚያ ይሄዳል። እሾህ የወጋው ወይም እግሩ የተሰበረ ውሻ በሄደ ቁጥር ይብስበታል። ከእረፍት ሲነሣ የሚብስበት፣ ጥቂት ሲራመድ የሚለቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም አለበት። ውሻው አያስመስልም። ይልቁንም ስለ መገጣጠሚያ አሠራር ዋናውን ነገር እያሳየን ነው፤ መገጣጠሚያ የሚኖረው በእንቅስቃሴ ነው።

ለዶሮ ወጥ 12 ብልት ያወጣ ሰው መገጣጠሚያን በእጁ ያውቀዋል። ቢላዋው የሚያልፈው በአጥንቱ ሳይሆን ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሲከፈት የአጥንቱ ጫፍ ነጭ፣ አብረቅራቂና የሚያንሸራትት ሽፋን ለብሶ ይታያል። ይህ ልም አጥንት ነው። ጣት ላይ የሚቀረው ወፈር ያለ ልጋግ ነገር ደግሞ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ሁለቱን አጥንቶች አንድ ላይ የሚይዛቸው ከውጭ የታሰረ ጠንካራ ከረጢት ነው፤ የከረጢቱ የውስጥ ገበር ፈሳሹን ያመነጫል። የውሻም ጉልበት፣ ክርንና ዳሌ በዚሁ መልክ ነው የተሠሩት።

የልም አጥንት ነገር የሚያስገርመው ውስጡ የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ምግብና መጠገኛ ይዞ ይደርስለታል፤ ለልም አጥንት ግን የሚመጣለት የለም። የሚኖረው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በሚያገኘው ምግብ ነው። አገኛኘቱም እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው፤ ውሻው እግሩን ሲረግጥ ልም አጥንቱ ይጨመቅና ያደረ ፈሳሹን ያወጣል፣ ሲያነሣ ደግሞ አዲሱን ይመጥጣል። ውሻ ሲራመድ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጉርሻ ነው ማለት ይቻላል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ መገጣጠሚያ ፈሳሹ አልተናወጠም፣ ጡንቻው አልሞቀም፣ ከረጢቱ እንደ ቆረፈደ ነው። ጥቂት ሲራመድ ነገሩ ሁሉ ይለሰልሳል። ረፋድ ላይ ለመሮጥ የሚያበቃውም ይኸው ነው።

ታዲያ የሚበላሸው እንዴት ነው? በሰው ላይ ይህ ሕመም ሲነሣ እርጅና አብሮ ይነሣል። በውሻ ግን ብዙውን ጊዜ መነሻው ሌላ ነው። ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር፣ ሮትዋይለርና ሌሎች ትላልቅ ዝርያዎች የዳሌ አጥንታቸው ገና በቡችላነት በጉድጓዱ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ሊያድግ ይችላል፤ ክርናቸውም እንዲሁ። በሌላው ውሻ ደግሞ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ቀስ በቀስ ይሳሳና ይበጠሳል። በትናንሾቹ ዝርያዎች የጉልበታቸው ሎሚ ከቦታው እየሸሸ ይመለሳል። በዚህም ሆነ በዚያ መገጣጠሚያው ተመጣጥኖ አይረግጥም፤ ክብደቱ ጥቂት ቦታ ላይ ያርፋል። በዚያ ቦታ ያሉት የልም አጥንት ሕዋሳት ከአቅም በላይ ሲጫኑ ራሱን ልም አጥንቱን የሚያፈርሱ ኬሚካሎች ማመንጨት ይጀምራሉ። የተቀረፈው ፍርፋሪ ፈሳሹ ውስጥ ይዋኛል፣ የከረጢቱን ገበር ያስቆጣዋል፣ ገበሩ ያብጣል፣ ያበጠው ገበር የሚያመነጨው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ የቀጠነው ፈሳሽ ማለስለስ ያቅተዋል። ከሥር ያለው አጥንት ይጠነክርና ጫፍ ጫፉ ላይ እሾህ መሰል ጉጥ ያወጣል። ስለዚህ የ2 ዓመት ውሻም ይህ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ እኛ የምናየው ግን ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 ዓመት ሞልቶት «አረጀ» ስንል ነው።

ልም አጥንት ነርቭም የለውም። ሲሳሳ ራሱ አያምም። የሚያመው ነርቭ ያላቸው ጎረቤቶቹ፣ ገበሩ፣ ከረጢቱና ከሥር ያለው አጥንት፣ ሲነኩ ነው። ለዚህ ነው ውሻው ማነከስ በጀመረበት ቀን ሕመሙ ብዙ ርቆ የሚገኘው። ራጅም ቢነሣ ልም አጥንቱ አይታይም፤ የሚታየው የአጥንቱ ጉጥና ቅርጽ ነው። ራጁ አስፈሪ ሆኖ የሚሮጥ ውሻ አለ፤ ራጁ ደኅና መስሎ መነሣት የሚያቅተውም አለ። ሐኪሙ ከራጁ ይልቅ በእጁ እግሩን እያጠፈና እየዘረጋ የሚፈትሸው ለዚህ ነው።

አሁን አዙሪቱን እንመልከት። ያመመው ውሻ ይተኛል። ሲተኛ ጡንቻው ይመነምናል። መገጣጠሚያን ከመናጋት የሚጠብቀው ደግሞ ጡንቻ ነው። እሱ ሲሳሳ መገጣጠሚያው ይበልጥ ይናጋል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ ውሻው ይበልጥ ይተኛል። ተኝቶም እየበላ ነውና ይወፍራል። «ምስኪን፣ አርጅቷል፣ ይረፍ» ብለን ከጥግ አስተኝተን ጮማ የምንጨምርለት ከፍቅር ነው፤ ግን በአንድ እጃችን እንቅስቃሴውን፣ በሌላው አቅሙን እየወሰድንበት ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ክኒኑም ምንጣፉም፣ ይህን አዙሪት አንድ ቦታ ላይ ለመስበር የሚደረግ ሙከራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ክብደት ነው። ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶው ያህል በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ሲሮጥ ደግሞ በአንድ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሙሉ ክብደቱ ሊበልጥ ይችላል። ስብ ሸክም ብቻም አይደለም፤ ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። በአሜሪካ የመኖ አምራቹ ፑሪና 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏቸው ነበር። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ጓደኛው ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቀጫጮቹ በአማካይ ወደ 13 ዓመት ሲኖሩ ጠግበው የበሉት 11.2 ዓመት ኖሩ። ለመገጣጠሚያ የሚያስፈልገን ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከጠገቡት ግማሾቹ በ6 ዓመታቸው የዳሌ አርትራይተስ በራጅ ሲታይባቸው፣ ቀጫጮቹ እዚያ ለመድረስ 12 ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት መኖ፣ የተለየው የሣህኑ መጠን ነው። በክኒን የሚገኝ ስድስት ዓመት እስካሁን የለም።

አስቀድሞ ለወፈረው ውሻም ጊዜው አላለፈም። በወፋፍራም አንካሳ ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ከክብደታቸው 6 በመቶ ያህል ሲቀንሱ ማነከሳቸው መሻሻሉን አሳይቷል። 35 ኪሎ ለሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ ይህ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ነው። ብዙ አይደለም። መወፈሩን ለማወቅ መዳፍዎን ጎድኑ ላይ ያሳርፉ፤ ሳይጫኑ አጥንቶቹን መቁጠር ከቻሉ ደኅና ነው፣ ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል። ከላይ ሲያዩት ከጎድኑ ቀጥሎ ወገቡ መጥበብ አለበት። ሐኪሞች ይህን ከ1 እስከ 9 በሆነ መለኪያ ይሰጡታል፤ 4 ወይም 5 ጥሩ ነው። ለመመዘን አንድ ሰው ታቅፎት ሚዛን ላይ ይወጣና የራሱን ክብደት ይቀንሳል። ለትልቅ ውሻ የወፍጮ ቤት ሚዛን ይሻላል፤ ባለወፍጮውን ማስፈቀድ ግን የእርስዎ ፋንታ ነው።

ክብደቱ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ይበቃል፤ ለ35 ኪሎው ውሻ በሳምንት ከ350 እስከ 700 ግራም ነው። በእኛ ቤት ዋናው ጠላት የማይቆጠረው ምግብ ነው። ልጆች የሚወረውሩት እንጀራ፣ ዘበኛው የሚያካፍለው፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣው ልፋጭ፣ የፋሲካ ሰሞን ጮማ። ለውሻው ምግብ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፣ በአንድ ጣሳ ተለክቶ ይሰጠው። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። አጥንት መቆርጠም የውሻን አጥንት ወይም መገጣጠሚያ ያጠናክራል የሚለውም መሠረት የለውም። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል፤ ለመገጣጠሚያው ግን የሚያደርግለት ነገር የለም።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ። እዚህ ላይ የጠባቂ ውሻን ኑሮ ማንሣት አለብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የግቢ ውሾች ቀኑን በአጭር ሰንሰለት ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ይውላሉ። ማታ ሲፈቱ በአጥሩ ጥግ ኮቴ ይሰማሉ፣ የሰው ይሁን የጅብ፣ ከተኙበት ተፈትልከው ይሮጣሉ፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ድንገት ይታጠፋሉ። ሳይሞቅ መሮጥ፣ በጥፍር መታጠፍ፣ ከዚያ መልሶ መተኛት። መገጣጠሚያ የሚያፈርስ ሰው ፕሮግራም አውጣ ቢባል ከዚህ የተሻለ አያወጣም። ሰንሰለቱ የግድ ከሆነ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ቢሆን ውሻው ቢያንስ ወዲያ ወዲህ ይላል። ደግሞስ ያረጀ ጠባቂ ሥራውን የሚሠራው በጆሮውና በድምፁ ነው። «ሮጦ አይይዝም» ተብሎ ከቤት የሚባረር ውሻ ሳይ አይገባኝም፤ ሌባው እኮ የሚሸሸው ከጩኸቱ ነው።

የሚፈለገው እንቅስቃሴ አጭር፣ ተደጋጋሚና በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ነው። በገመድ ተይዞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ፣ ሳምንቱን ተኝቶ ከርሞ እሑድ እንጦጦ ላይ ሁለት ሰዓት ከመሮጥ እጅግ ይሻላል። ለመጀመር አምስት ደቂቃም ይበቃል። ከኮብልስቶን ይልቅ አፈርና ሣር ይመረጣል። አካሄዱ ዝግ ያለ ይሁን፤ ቀስ ሲል ሁሉንም እግሮቹን ለመርገጥ ይገደዳል፣ ሲፈጥን ግን ያመመውን እያነሣ በሦስቱ ይሸሻል። ቀስ ብሎ ዳገት መውጣት የኋላ ጡንቻውን ይገነባል፤ ቁልቁለቱ ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚጥለው ክርኑ የታመመ ውሻ ባይወርድ ይሻለዋል። ኳስ መወርወርና ዱላ ማስያዝ ይቅር፤ ዘሎ ማረፍና ድንገት መታጠፍ ነው ጉዳቱ። ልኩን ለማወቅ የማግስቱን ጠዋት ይመልከቱ፤ ከወትሮው ይበልጥ ደርቆ ከተነሣ ትናንት በዝቷል። ሕመሙ ድንገት ከተባባሰ ግን ጥቂት ቀን አርፎ ከትንሹ መጀመር ነው።

ቤቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሴራሚክ ወለል ለታመመ ውሻ መከራ ነው፤ እግሩ ሲከፈት ሰውነቱን ለመያዝ የሚያደርገው ትግል ያሳምመዋል። ከሚተኛበት እስከ ሣህኑ ድረስ የማይንሸራተት አሮጌ ምንጣፍ መዘርጋት ይበቃል። መኝታው ከሲሚንቶው ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማያገኘው፣ ወፈር ያለ ይሁን፤ ፍራሽ ባይኖር ገለባ የተሞላ ጆንያ ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን ገለባው ስለሚሻግት መቀየር አለበት። ብርድ አርትራይተስን አያመጣም፤ ብዙ ባለውሾች ግን በሐምሌና በነሐሴ ውሻቸው እንደሚብስበት ይናገራሉ፣ ሙቀት ደግሞ ጡንቻን ያለሰልሳል። በሞቀ ውሃ የራሰ ፎጣ በራስዎ አንጓ ላይ ሞክረው ካላቃጠለ ለ10 ደቂቃ በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ፎጣ ወይም አሮጌ ጋቢ በሆዱ ሥር አሳልፎ ከኋላ ማገዝ ነው። ሁልጊዜ የሚረሳው ጥፍር ነው። የማይራመድ ውሻ ጥፍሩ አያልቅም፤ ሲረዝም ጣቶቹን ወደ ላይ እየገፋ አቋሙን ሁሉ ያዛባል። ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ጥፍሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ መቆረጥ አለበት።

መድኃኒት ላይ ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ የራስዎን ማስታገሻ ለውሻ አይስጡ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል አለ። ለእኛ የወገብ ሕመም የሠራ ለእሱም ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚሠሩት ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን እንዳያመርት በመከልከል ነው። ፕሮስታግላንዲን ሕመምና ብግነት ያመጣል፤ ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቀውና ወደ ኩላሊት በቂ ደም እንዲሄድ የሚያደርገውም ግን እሱው ነው። የውሻ ሰውነት አይቡፕሮፌንን እንደ እኛ ቶሎ አያስወግደውም፤ በሰው መጠን የተሰጠው ክኒን ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ሊያቆም ይችላል። ፓራሲታሞል መጠኑ ሲያልፍ ጉበቱን ያጠፋል። ቅባቱም አይሆንም። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ ለራስዎ ጉልበት ዲክሎፌናክ ከተቀቡም እጅዎን ሳይታጠቡ እንዲልስዎ አይፍቀዱ።

ለውሻ ተብለው የተሠሩ ከዚሁ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም፣ ፊሮኮክሲብ ታዋቂዎቹ ናቸው፤ መጠናቸው በውሻው ክብደት የሚሰላ ነው። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ማድረግ፣ ከምግብ ጋር መስጠት፣ ውሻው ካስመለሰ፣ ምግብ ካቆመ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ስቴሮይድ መርፌ ከተወጋ ደግሞ እነዚህን አብሮ መስጠት አደጋ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ሲል ምን እንደተወጋ ለሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው። «መድኃኒት ይለምድበታል፣ ሲብሰው እንሰጠዋለን» የሚል አነጋገር እሰማለሁ። ለረዥም ጊዜ የቆየ ሕመም ግን ነርቮቹን ራሳቸውን ይቀይራቸዋል፤ ቀድሞ የማያመው ንክኪ ማመም ይጀምራል። በሐኪም ቁጥጥር ሕመሙን ቀደም ብሎ መያዝ ውሻው እንዲራመድ ያስችለዋል፤ መራመዱ ደግሞ ክኒኑ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

ባሕር ማዶ የሚኖሩ አንባቢዎች በወር አንዴ የሚወጋውን ሊብሬላን ሰምተው ይሆናል። ይህ የሕመምን መልእክት የሚያጎላውን የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቀደ። በጨጓራና በኩላሊት ላይ የክኒኖቹን ዓይነት ጫና ስለማያሳድር ብዙዎች ተቀብለውታል፤ ሆኖም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 እንደ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ ያሉ የጎንዮሽ ምልክቶች ሪፖርት መደረጋቸውን ለእንስሳት ሐኪሞች በደብዳቤ አሳውቋል። መጥፎ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ከመወጋቱ በፊት ከሐኪም ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይገባል ማለት ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠፋው ግሉኮሳሚንስ? ልም አጥንት የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ለውሻው አብልቶ ልም አጥንቱን መገንባት የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነ አንድ ግምገማ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ለሕመሙ የሚረዱ ሆነው አላገኛቸውም። የተሻለ ማስረጃ ያለው ኦሜጋ 3፣ ማለትም የዓሣ ዘይት ነው፤ ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎች የሚሠሩበትን ጥሬ ዕቃ ስለሚለውጥ መጠነኛ ጥቅም አለው። መጠኑን ሐኪም ይወስን፤ ሲበዛ ያስቀምጣል፣ ዘይት ስለሆነም ያወፍራል። ከዓሣ ጉበት የሚወጣው ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስላለው ሲበዛ ይመርዛል።

«የእኔ ውሻ ግን በግሉኮሳሚን ተሻለው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ውሸቱን አይደለም። ሕመሙ ራሱ ይነሣል፣ ይተኛል። መድኃኒት የምንጀምረው ደግሞ ሲብስ ነውና ቀጥሎ የሚመጣው መሻል ለመድኃኒቱ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ባዶ ክኒን የተሰጣቸውን አንካሳ ውሾች ተመልክቶ ነበር። የእግራቸው ኃይል በመለኪያ ሰሌዳ ሲለካ ለውጥ ሳይታይ፣ ባለቤቶቹ ወደ 40 በመቶ በሚሆነው ጊዜ «ተሽሎታል» ብለው ነበር። ሐኪሞቹም ከዚያ አልተሻሉም። ውሻው ስለ ክኒኑ አያውቅም፤ የምናውቀው እኛ ነን፣ ተስፋ የምናደርገውም እኛ ነን።

ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያውም ኪስዎ ውስጥ ነው። ምንም ነገር ከመጀመርዎ በፊት ውሻው ሲነሣ፣ ከጎን ሲራመድ፣ ወደ እርስዎ ሲመጣና ሲርቅ በስልክ ይቅረጹት። በየወሩ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ቪዲዮው ዝግ ብሎ ሲታይ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ውሻው ጭንቅላቱን ከፍ፣ ደኅናው ሲነካ ዝቅ ያደርጋል። የኋላ እግር ከሆነ ዳሌውን ይመልከቱ፤ በታመመው ወገን ይበልጥ ወደ ላይ ይነሣል። በልብስ ሰፊ ሜትር የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ መለካትም ይጠቅማል፤ ያመመው ይቀጥናል። በተጨማሪም ውሻው ድሮ የሚያደርጋቸውን ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ መኪና ላይ ይዘል ነበር፣ ደረጃው ላይ ይተኛ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር። መሻሉ እዚያ ዝርዝር ላይ ካልታየ አልተሻለውም።

ያነከሰ ሁሉ ግን አርትራይተስ አለበት ማለት አይደለም። መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ውሻው ከሰነፈና ሕመሙ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ከዞረ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ትልቅ ውሻ በአንድ እግሩ አጥንት ላይ ጠንካራ እብጠት አውጥቶ በየሳምንቱ የሚብስበት ከሆነ የአጥንት ካንሰር ሊሆን ይችላልና ወር መጠበቅ አይገባም። እግሩን እየጎተተ የጣቶቹን ጀርባ መሬት ላይ የሚፈገፍግ ውሻ ደግሞ ችግሩ ከመገጣጠሚያው ይልቅ ከአከርካሪው ነርቭ ሊሆን ይችላል። ልጆች ወገቡን ሲነኩት የሚያጉረመርም የዋህ ውሻም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስላመመው ነው፤ ጠባዩ በአንድ ሌሊት ከተለወጠ ግን ርቆ መቆምና ባለሙያ መጥራት ይቀድማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለና።

አዲስ ቡችላ ለማምጣት ያሰበ ሰው ሥራውን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ መጀመር ይችላል። የዳሌው አለመግጠም በዘር ይወረሳል፤ ስለዚህ ከቡችላው ቁንጅና ይልቅ እናቱና አባቱ ሲነሡ፣ ሲቀመጡና ሲሮጡ ማየት ይሻላል። ሻጩ ሊያሳይ ካልፈለገ እሱም መልስ ነው። በአሜሪካ ለማራቢያ የሚውሉ ውሾች የዳሌ ራጅ ተነሥቶ ደረጃ የሚሰጠው 24 ወር ከሞላቸው በኋላ ነው፤ እዚያ የሚገዛ ሰው የወላጆቹን ወረቀት መጠየቅ ይችላል። የትልቅ ዝርያ ቡችላን ቶሎ ለማሳደግ አብዝቶ ማብላትና በላዩ ላይ ካልሲየም መጨመር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ትንሽ ቡችላ አንጀቱ የተትረፈረፈውን ካልሲየም መመለስ ስለማይችል አጥንቱ አበቃቀሉ ይዛባል። የተመጣጠነ የቡችላ መኖ ለሚበላ ተጨማሪ አያስፈልገውም፤ ሥጋ ብቻ ለሚበላ ግን ካልሲየሙ ያንሰዋልና ሐኪም ይመጥንለት። ማኮላሸትም ቢሆን በትላልቅ ዝርያዎች አንድ ዓመት ሳይሞላ ከተደረገ የመገጣጠሚያ ችግር ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ፤ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር መምረጥ ነው። ቡችላው እስኪጠነክር ድረስም ከደረጃ አያዝልሉት፣ ጎድኑም በመዳፍ የሚቆጠር ሆኖ ይደግ፤ ጎረቤት «አላበላችሁትም እንዴ?» ቢል ይበል።